ስለ ጣና ዙሪያ በሽታዎች የተጻፈውን በኮምፒውተር አበጥሮ ማውጣት

ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ከ37 ሚሊዮን በላይ የምርምር መዝገብ አለ። ባሕር ዳር ሆኖ በብልሃርዚያ፣ በካላዛር ወይም በወባ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የሚፈልገው ግን ከዚያ ክምር ጥቂቱን ነው፤ የራሱን አካባቢ የሚመለከተውን፣ ቁጥሩን ከነቦታው፣ ከነዓመቱና ከነምርመራ ዘዴው። ቴክስት ማይኒንግ የሚባለው ይህን የማበጠር ሥራ ለፕሮግራም መስጠት ነው። ከዚህ በታች የጻፍነው በተግባር የምንሠራበትን አካሄድ ነው። ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልን፦ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሞዴል ምርጫ ሳይሆን በስም፣ በአሕጽሮተ ቃልና በቁጥር ነው። የአካባቢውን ስሞች ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅልን የለም። መሣሪያዎቹን የሠሩት ሰዎች ሊቦ ከምከምን ወይም ዘጌን እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም፤ ያንን መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

ጥያቄውን እንደ ሠንጠረዥ ጻፉት

«ስለ ብልሃርዚያ ምን ተጽፏል?» የሚል ጥያቄ ለፕሮግራም አይሆንም። አንድ ረድፍ ምን ምን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለምሳሌ ቀበሌ ወይም ወረዳ፣ ጥናቱ የተካሄደበት ዓመት፣ የተመረመሩ ሰዎች ብዛት፣ የምርመራ ዘዴ፣ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ብዛት፣ መቶኛ፣ መረጃው የተወሰደበት ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ የፐብሜድ መለያ ቁጥር። ከዚያ ዐሥር አብስትራክት (የጥናት ማጠቃለያ) አውጥታችሁ ሠንጠረዡን በእጃችሁ ሙሉት። በእጅ መሙላት ያቃታችሁን ዓምድ ፕሮግራሙም አይሞላውም፤ ወይ ሙሉ ጽሑፉ ያስፈልጋል፣ ወይ ዓምዱ ይሰረዛል። «ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ» የሚለውን ግን በምንም ምክንያት አትሰርዙት። በኋላ አንድ ቁጥር አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ ከየት እንደመጣ ወዲያው የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

የስም ዝርዝር

መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ጣና ራሱ ነው። «ጣና» እና «ሺስቶሶሚያሲስ» (የብልሃርዚያ ሳይንሳዊ ስም) ብላችሁ ስትፈልጉ የኬንያው ጣና ወንዝም አብሮ ይመጣል። እዚያ ብልሃርዚያ ለረጅም ዘመን ተጠንቷል፤ ነገር ግን በዚያ ወንዝ ዳር የሚታወቀው የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ነው፣ በእኛ ሐይቅ ዳር ያለው ደግሞ አንጀትን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ማንሶኒ። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ከተቀላቀሉ ከዚያ የሚወጣው አማካይ የማንም አይደለም። «ሌክ ጣና» የሚለውን ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። «ጣና ሪቨር»፣ «ሆላ» (እዚያው ወንዝ ዳር ያለች ከተማ) እና «ኬንያ» ያለባቸውን መዝገቦች ደግሞ ወደ ሌላ ፋይል ለይታችሁ በዓይናችሁ እዩአቸው። በ«ኖት» ትእዛዝ ቆርጣችሁ አትጣሏቸው፤ ሁለቱን አገሮች አብሮ የሚያነሳ ጥናት አብሮ ይሄድባችኋል።

ቀጥሎ የላቲን አጻጻፍ ነው። ባሕር ዳር ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል፤ «ባሕር» ውስጥ ያለችው አይ አንዳንዴ ትቀራለች፣ አንዳንዴም በኤ ትተካለች። ጎጃም በአንድ ጄም በሁለት ጄም ይጻፋል። ጎንደር መጨረሻው ላይ በኤም በኢም አለ። ደምቢያ ዋይ ይኖረዋል ወይም አይኖረውም። ዘጌ በጂ ኢ፣ በጂ አይ ኢ ወይም በጂ ኤች አይ ኢ ሊያበቃ ይችላል። ሊቦ ከምከም ተለያይቶ፣ ተያይዞ ወይም በሰረዝ ይመጣል። በ2005 ካላዛር በሊቦ ከምከምና በፎገራ በወረርሽኝ መልክ ከታወቀ በኋላ የተጻፉትን ሁሉ የሚፈልግ ሰው አንድ አጻጻፍ ብቻ ይዞ ከተነሳ የጎደለበትን እንኳ አያውቅም፤ ፕሮግራሙ «አላገኘሁም» አይልም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ዋና ስም መርጣችሁ ሌሎቹን አጻጻፎች ከጎኑ የያዘ ፋይል ሥሩ። አዲስ አጻጻፍ ባገኛችሁ ቁጥር እዚያው ጨምሩ። ይህ ፋይል ከኮዱ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል፤ ለሌላ ባለሙያም ልትሰጡት ትችላላችሁ።

የበሽታና የፍጥረታት ስምም እንዲሁ ነው። ብልሃርዚያ፣ ብልሃርዚያሲስ፣ ሺስቶሶሚያሲስ አንድ ናቸው። ካላዛርና ቪሰራል ሌሽማኒያሲስ አንድ ናቸው። እምቦጭ በሳይንሳዊ ስሙ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይባል ነበር፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ የሚለው ገብቷል፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ወይ የድሮውን ወይ የአዲሱን ያጣል።

እንዶድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ብልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለመግደል እንደሚያገለግል አሳዩ። ስለ ተክሉ የተጻፈውን ሁሉ ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ስም ይዛችሁ መነሳት አለባችሁ፦ እንዶድ፣ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ፣ እና በእሳቸው ስም የተሰየመው ለማቶክሲን። አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የፐብሜድ ዋና ክፍል የሆነው ሜድላይን አብስትራክት መያዝ የጀመረው ከ1975 ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ ጽሑፍ በአብዛኛው ርዕስ ብቻ አለው። ርዕሱ ውስጥ ያልተጠቀሰ ነገር ለፕሮግራሙ የለም ማለት ነው። ለእነዚያ ዓመታት መዝገቡን በእጅ ከመመልከት ሌላ አማራጭ የለም።

የጸሐፊ ስም ላይም ተጠንቀቁ። የእኛ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠርና «ለማ ኤ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አንዳንድ ጆርናል ላይ ደግሞ ተገልብጦ «አክሊሉ ኤል» ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቅደም ተከተል ፈልጉ። «አለሙ ኤ» የሚል ስም ግን የስንት ሰው እንደሆነ አስቡት፤ ያለ ተቋምና ያለ ርዕሰ ጉዳይ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሜሽ በሚባለው የርዕሰ ጉዳይ መለያ መፈለግ ጠቃሚ ነው፤ ተመሳሳይ ስሞችን አንድ ያደርግላችኋል። ብቻውን ግን አይበቃም። በፐብሜድ ላይ ካሉት መዝገቦች ውስጥ ሜድላይን ያልሆኑት ሜሽ አይኖራቸውም፤ አዲስ የገቡትም እስኪመደቡ ጥቂት ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። የሜሽ ፍለጋና የተራ ቃል ፍለጋ በ«ኦር» ተያይዘው ይሂዱ።

የተቋም አድራሻ ሌላው ወጥመድ ነው። «ባሕር ዳር» ብላችሁ ያለ ምንም የመስክ መለያ ከፈለጋችሁ ፐብሜድ የጸሐፊዎቹን አድራሻም ይፈትሻል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ጅማ ላይ ያጠናው ሁሉ ይገባላችኋል። ፍለጋውን በርዕስና በአብስትራክት ብቻ ወስኑት። በዓመት ስንት ጽሑፍ ወጣ ብላችሁ ግራፍ የምትሠሩ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ እስከ 2013 አካባቢ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ጸሐፊ አድራሻ ብቻ ነበር፣ ከ2014 ጀምሮ የሁሉም ሆነ። በዚያ ዓመት ላይ የሚታየው ዕድገት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማውረድ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ኢ-ዩቲሊቲስ የተባለው፣ ፐብሜድን የሚያስተዳድረው የኤንሲቢአይ አገልግሎት ነጻ ነው፤ ኢሰርች መለያ ቁጥሮቹን ይሰጣል፣ ኢፌች መዝገቦቹን ያወርዳል፣ በፓይተን ለሚሠራ ሰው ባዮፓይተን ሁለቱንም ይዟል። ያለ ቁልፍ በሰከንድ 3 ጥያቄ፣ በነጻ በሚገኘው የኤፒአይ ቁልፍ 10 ጥያቄ ይፈቀዳል። ከዚያ ካለፋችሁ የአይፒ አድራሻችሁ ሊታገድ ይችላል፤ በግቢ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ስለሚወጣ ጦሱ ለሌላውም ይተርፋል። ኤንሲቢአይ ትልልቅ ሥራ በሳምንቱ መጨረሻ ወይም በምሥራቅ አሜሪካ ሌሊት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ በእኛ ሰዓት በእነሱ ክረምት ከሌሊቱ 11 እስከ ቀኑ 7፣ በእነሱ በጋ ከሌሊቱ 10 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ጠዋታችን በሙሉ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ተጠቀሙበት።

አንድ ፍለጋ ከ10,000 በላይ ውጤት ካለው ኢሰርች ሙሉውን አይሰጥም፤ በዓመት እየከፈላችሁ ጠይቁ። መብራትና ኢንተርኔት መቋረጡ ስለማይቀር 200 እያደረጋችሁ አውርዱ፣ እያንዳንዱን ክፍል በራሱ ፋይል አስቀምጡ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ያለውን ፋይል አልፎ ከቀረው እንዲጀምር አድርጉ። በተራ ጽሑፍ ሳይሆን በኤክስኤምኤል (ክፍሎቹ በመለያ ምልክት በተለዩበት ቅርጸት) አውርዱ። ምክንያቱን ስለ ቁጥር ስናነሳ እናየዋለን።

አሕጽሮተ ቃል

ዓረፍተ ነገር የሚከፍል ተራ ፕሮግራም «ኤስ. ማንሶኒ» የሚለውን ነጥብ እንደ አራት ነጥብ ይቆጥረዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ተቆርጦ ተውሳኩ ከመቶኛው ይለያል። ለሕክምና ጽሑፍ የተሠራው ሳይስፔሲ ይህን በተሻለ ያልፈዋል። ቢሆንም የእናንተን ጽሑፎች ጥቂቱን አስከፍታችሁ እዩ።

ከዚህ የከፋው ቪኤል ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ስለሚገኙ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ቪኤል» ቪሰራል ሌሽማኒያሲስም፣ ቫይራል ሎድም ሊሆን ይችላል። «ከፍተኛ ቪኤል ያላቸው ታካሚዎች» የሚለውን ፕሮግራሙ የካላዛር ታካሚዎች ብሎ ቢመዘግብ ማንም ሳያየው ያልፋል። መፍትሔው ሽዋርትዝና ኸርስት በ2003 ያወጡት ዘዴ ነው፤ አሕጽሮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅንፍ ሲገባ ከፊቱ ያለውን ሙሉ ስም ያያይዘዋል። ይህን ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው አሂዱት እንጂ ለሁሉም ጽሑፍ አንድ የአሕጽሮት ዝርዝር አትሥሩ። ሙሉ ስሙ ያልተገለጸበትን ቪኤል «ያልታወቀ» በሉትና ሰው ያንብበው።

ለጂን፣ ለበሽታ፣ ለኬሚካልና ለዘረመል ለውጥ ስሞች ፐብታተር 3 የተባለው የኤንሲቢአይ መሣሪያ ምልክት አድርጎና ከመለያ ቁጥር ጋር አያይዞ በነጻ ይሰጣችኋል። በአርቴሚሲኒን መቋቋም ላይ ለምትሠሩ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተመዘገበው፣ ኬልች 13 በተባለው የወባ ተውሳክ ጂን ላይ ያለው ለውጥ አር622አይ በአንዱ ጽሑፍ በአጭሩ፣ በሌላው «አርጂኒን 622 አይሶሉሲን» በሚል አጻጻፍ ሲመጣ አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ይረዳል። ግን የኬልች 13 አጭር ስም የሆነው ኬ13 የሰው ኬራቲን 13 ጂንም አጭር ስም ነው። የወባ ጽሑፍ ውስጥ የሰው ጂን መለያ ተሰጥቶት ካያችሁት እርማቱን ራሳችሁ አስገቡ።

ቁጥር

በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍን በቅርጹ በሚፈልግ ቀመር) የመቶኛ ምልክት ብትፈልጉ በብዛት የሚወጣላችሁ 95 ነው። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል በየአብስትራክቱ አለና። እሱን መጀመሪያ አስወግዱ። የላንሴት ጆርናሎች የአሥርዮሽ ነጥብን ከመሥመሩ ከፍ አድርገው በመሃል ነጥብ ይጽፋሉ፤ ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ 37·9 ወደ 37 እና 9 ይሰበራል።

ቀጥሎ የመግቢያ ቁጥሮችን መለየት አለባችሁ። «በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው…» የሚለው ዓረፍተ ነገር የጥናቱ ውጤት አይደለም። ኤክስኤምኤሉ እዚህ ይከፍላል፦ በክፍል የተከፋፈሉ አብስትራክቶች «መነሻ»፣ «ዘዴ»፣ «ውጤት»፣ «መደምደሚያ» የሚሉ መለያዎችን ይዘው ይመጣሉ። የመስፋፋት መጠንን ከ«ውጤት» ክፍል ብቻ ውሰዱ። የክለሳ ጽሑፎችንና ሜታ-አናሊሲሶችን ደግሞ በጽሑፍ ዓይነት ለዩአቸው፤ ካልሆነ ያው ጥናት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጠራል።

የጥናቱ ዓመት ላይ የእኛ አገር ጽሑፎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ከጥር 1 እስከ 30፣ 2011 ዓ.ም.» በእንግሊዝኛው «ኢ.ሲ.» ተብሎ ይጻፋል። ፕሮግራሙ 2011ን እንዳለ ቢወስደው ጥናቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ጨምሩ። «ኢ.ሲ.» ባይጻፍም በላቲን የተጻፈ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ ጥር የሚል የወር ስም ካለ ምልክት አድርጉበት። የታተመበትን ዓመት የጥናቱ ዓመት አድርጎ መውሰድ አቋራጭ ይመስላል፤ በመካከላቸው ግን ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ፣ መድኃኒት በትምህርት ቤት ከመታደሉ በፊትና በኋላ የተገኘውም ቁጥር ይደባለቃል።

የምርመራ ዘዴው ከቁጥሩ ተለይቶ አይመዝገብ። ለብልሃርዚያ ካቶ-ካትዝ (በተመጠነ ሰገራ ውስጥ እንቁላል የመቁጠር ዘዴ) የተጠቀመና ቀጥታ የሰገራ ምርመራ የተጠቀመ ጥናት አይወዳደሩም። በካቶ-ካትዝ መደበኛው ናሙና 41.7 ሚሊግራም ነው፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ተባዝቶ በግራም ይነገራል። በማንሶኒ ከ1 እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ስለዚህ «100» የሚል ቁጥር ስታገኙ የታካሚ ብዛት ነው፣ የእንቁላል ብዛት ነው ወይስ የደረጃ ወሰን? ይህን የሚመልሰው ከአጠገቡ ያለው አሃድ ነው፤ ያለ አሃድ የተነጠለ ቁጥር ወደ ሠንጠረዡ አይግባ።

የመድኃኒት መጠን ላይ ደግሞ ስህተት ሰው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ለያዙት የምሥራቅ አፍሪካ ታካሚ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ በድምሩ 30 ሚሊግራም በኪሎ፣ በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 11ኛ ቀን 5 ሚሊግራም በኪሎ እየተከፈለ ይሰጣል፤ ሚልቴፎሲን ደግሞ በቀን 100 ሚሊግራም ለ28 ቀን። ፕሮግራሙ 30ን የአንድ ጊዜ መጠን አድርጎ ከወሰደ ስድስት እጥፍ ተሳሳተ። ሦስት ዓምድ አድርጉ፦ የአንድ ጊዜ መጠን፣ የጊዜው ብዛት፣ ድምር። የአንድ ጊዜው መጠን በጊዜው ብዛት ተባዝቶ (እዚህ 5 ሲባዛ በ6) ከድምሩ (30) ጋር ካልገጠመ ረድፉ ለሰው ይላክ። ይህ ሠንጠረዥ ጥናቶችን ለማነጻጸር እንጂ ለታካሚ ለማዘዝ አይደለም።

አሉታም አለ። «ዕድሜና ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ተያያዥነት ነበራቸው፣ ፆታ ግን አልነበረውም» ከሚል ዓረፍተ ነገር «ፆታ» እና «ተያያዥነት» አብረው ስለተገኙ ብቻ አዎንታ የሚመዘግብ ፕሮግራም ብዙ ነው። በ2001 የወጣው ኔጌክስ «ኖ» እና «ኖት» የመሳሰሉትን ከጎናቸው ባሉ ቃላት ይፈትሻል፤ እንዲህ ዓይነት ሁለት ሐሳብ ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ይሳሳታል። «ግን» እና «ሲሆን» የሚል መንፈስ ያላቸውን የእንግሊዝኛ አያያዦች ላይ ዓረፍተ ነገሩን መክፈል ብዙውን ያስተካክላል።

ሞዴል መቼ?

የስም ዝርዝርና ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በተራ ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ በእነሱ ጀምሩ። በሕክምና ጽሑፍ የሠለጠነ እንደ ባዮበርት ወይም ፐብሜድበርት ያለ ሞዴል የሚያስፈልገው በስሞች መካከል ያለን ግንኙነት ለመለየት ነው፤ ለዚያም በእጅ የተለጠፈ (ትክክለኛው መልስ ምልክት የተደረገበት) የማሠልጠኛ ዳታ ይጠይቃል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሠንጠረዥ በፍጥነት ይሞላሉ፣ የሌለ ጽሑፍና የሌለ መለያ ቁጥርም ይፈጥራሉ። ጽሑፉን ራሳችሁ ስጧቸው፤ ለእያንዳንዱ ዋጋ ከጽሑፉ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል እንዲመልሱ ጠይቁ። ከዚያ በተራ ኮድ ያ ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ በእርግጥ መኖሩን ፈትሹ። ከሌለ ረድፉን ጣሉት።

መመዘን

200 ያህል አብስትራክት በዘፈቀደ ምረጡ፤ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይለጥፉት። ከፖሊ ግቢ አንድ የኮምፒውተር ተማሪ፣ ከጥበበ ግዮን ወይም ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አንድ የጤና ባለሙያ ቢሆኑ እንመርጣለን፤ አለመስማማታቸው መመሪያችሁ የት ላይ ግልጽ እንዳልሆነ ያሳያል። ስምምነቱን በኮኸን ካፓ (በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላ መለኪያ) ለኩ። ከ0.6 በታች ከሆነ መመሪያውን አስተካክላችሁ ድገሙት፤ ሰዎቹ ካልተስማሙ ፕሮግራሙን በምን ትመዝኑታላችሁ?

ስሌቱ ቀላል ነው። በእውነት 100 ረድፍ መገኘት ኖሮበት ፕሮግራሙ 90 አውጥቶ 72ቱ ትክክል ከሆኑ፣ ትክክለኛነቱ 80 በመቶ፣ የማግኘት አቅሙ 72 በመቶ ነው። የትኛው ይበልጣል የሚለው በሥራው ይወሰናል። ሰው ኋላ የሚፈትሸው ከሆነ ማግኘትን አስበልጡ፤ ትርፉን ሰው ያስወግደዋል፣ የጠፋውን ግን ማንም አይመልሰውም። እነዚህን 200 ሕጎቻችሁን ለማስተካከል አትጠቀሙባቸው፤ ለዚያ ሌላ ስብስብ ይኑራችሁ።

ውጤቱን በኤክሴል ስትከፍቱ ተጠንቀቁ። «5-14» የሚል የዕድሜ ክልል ወደ ቀን ይቀየራል። ሴፕት2 እና ማርች1 የተባሉ የሰው ጂኖችም በዚሁ ምክንያት ቀን እየሆኑ አስቸግረው በ2020 ስማቸው ሴፕቲን2 እና ማርችኤፍ1 ተብሏል። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በ«ኢምፖርት» አስገቡና ዓምዶቹን «ቴክስት» በሏቸው።

ሙሉ ጽሑፍና ፈቃድ

አብስትራክቱ ቀበሌውን ላይጠቅስ ይችላል፤ ዘዴው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሙሉ ጽሑፎችን በያዘው ፐብሜድ ሴንትራል ላይ የሚነበበው ሁሉ በፕሮግራም የሚወርድ አይደለም፤ ለዚህ የተፈቀደው በዋናነት የኦፕን አክሰስ ክፍሉ ነው፣ እሱም በተዘጋጀለት አገልግሎት እንጂ ድረ ገጹን እየከፈቱ በመቅዳት አይደለም። ሂናሪ በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት በኩል የሚከፈቱ ጆርናሎችን በፕሮግራም በጅምላ ማውረድ አይፈቀድም፤ የአንድ ሰው ጥፋት ተቋሙን በሙሉ ሊያስዘጋ ይችላል። የአገራችን ጆርናሎች ብዙዎቹ ፐብሜድ ላይ የሉም፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ፈልጓቸው። ከፒዲኤፍ ስታወጡ ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ይደባለቃል፣ በመሥመር መጨረሻ በሰረዝ የተቆረጠ ቃል ተቆርጦ ይቀራል፣ ሠንጠረዥ ይፈርሳል። ግሮቢድ የተባለው የፒዲኤፍ ማውጫ አብዛኛውን ያስተካክላል፤ ሠንጠረዥ ግን በእጅ።

ሥራው ካለቀ በኋላ በየወሩ ስታድሱት በታተመበት ቀን ሳይሆን መዝገቡ ፐብሜድ ላይ በተፈጠረበት ቀን («ክሪኤት ዴት») ፈልጉ፤ የቆየ ጽሑፍ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። በዚያው ጊዜ ቀድሞ በሠንጠረዣችሁ ያሉትን መለያ ቁጥሮች እንደገና አውርዱና «የተሰረዘ ጽሑፍ» የሚል ምልክት የተጨመረባቸው ካሉ ረድፎቻቸውን አውጡ።